ስኮርታ የሌላት መኪና

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ደባርቅ፣ አባላትና ደጋፊዎቻችን በተገኙበት፣ በመኪና ግዥ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

 

የመኪና ግዥ ኮሚቴ ብላችሁ የመረጣችሁን አራት ሴቶች ነን። ከአራታችን አንዷም መንጃ ፈቃድ የላትም። ሁለታችን ግን ጊች ተወልደን፣ ጊች ተድረን፣ ጊች ወልደናል። መንገድና ጭነት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዛሬ ስለ መኪና ደፍረን የምንናገረው ይህንኑ ይዘን ነው።

ነገሩን ለማያውቁ እንግዶቻችን በአጭሩ እንንገራቸው። ማኅበራችን መኪና ሊገዛ ነው። በየሳምንቱ 20 ብር እያዋጣን፣ ከገብስና ከበሶ፣ ከባናና ከሱፍ ቆብ ሽያጭ የተረፈውን እያጠራቀምን የበኩላችንን ይዘናል። የጎደለውን ደጋፊዎቻችን ሊሞሉልን ቃል ገብተዋል። ባለፈው ወር የሦስት መኪኖች ፎቶና ዝርዝር ተላከልን። ሦስቱም አዲስ፣ ሦስቱም የሚያምሩ፣ ሦስቱም ሻጮች «ፉል ኦፕሽን» የሚሏቸው ናቸው። ጸሐፊያችን ዝርዝሩን ቁጭ ብላ አነበበችልን። የሚከፈት ጣራ፣ ወንበር የሚያሞቅ፣ ወንበር የሚያቀዘቅዝ፣ በድምፅ የሚታዘዝ፣ በራሱ የሚቆም፣ ቀለሙን የሚቀያይር የውስጥ መብራት። ዝርዝሩ አላልቅ ሲል አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ከመኪናዋ ጋር ነው ወይስ መኪናዋን ለብቻ መግዛት አለብን?» ብለው ጠየቁ።

ሳቅን። በኋላ ግን ኮሚቴው ሲሰበሰብ የተነጋገርነው ስለዚያ ጥያቄ ነው። የምንከፍለው ለየትኛው ነው? ለመኪናዋ ነው ወይስ በላይዋ ላይ ለተደረበው ነገር? የተደረበው ነገር በተበላሸ ቀን መኪናዋ ትቆማለች ወይስ ትሄዳለች?

ጊች ምን ዓይነት ቦታ እንደነበረ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ከፍታው 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚሄደው የመኪና መንገድ ሰፈራችንን ሳይነካ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ጅንባርን ተሻግሮ ሽቅብ የሚወጣው እግርና በቅሎ ነበር። ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙና፣ የሙሽራ ልብስ፣ ሁሉም በበቅሎና በአህያ ጀርባ ወጣ። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ወረደች። ቃሬዛው ሁለት እንጨትና ጠፍር ነው። ጠፍሩ ቢበጠስ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነጠላውን ጠምዞ ያስርበታል፤ ጉዞው አይቆምም። በቅሎም ኮርቻ፣ ልጓምና መጫኛ እንጂ ሌላ ዕቃ አልነበራትም። ኮርቻው ቢሰበር የሚጠግነው ሰው ጎረቤት ነበር።

በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራ ከጊች ተነሥተን ደባርቅ ዳር ሰፈርን። በዓመቱ የሰሜን ተራሮች ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ዋልያው ግጦሹን አገኘ። እኛ ደግሞ አስፋልት፣ መብራትና ገበያ ያለበት ከተማ ደረስን። ከሁሉ ቶሎ የተማርነው ግን በከተማ የማይገዛ ነገር እንደሌለ፣ የሚገዛ ነገር ሁሉ ደግሞ ጠጋኝ እንደሚፈልግ ነው። ጠጋኙ ሩቅ ከሆነ ዕቃው የቤት ማዕዘን ይዞ ይቀመጣል። በየቤታችን እንዲህ የተቀመጠ ስልክ፣ የተቀመጠ የፀሐይ መብራት፣ የተቀመጠ ምጣድ አለ። የምንፈራው የተቀመጠ መኪና እንዳይጨመርበት ነው።

ፍራቻችን ከባዶ የመጣ አይደለም። አምና አንድ አጋር ድርጅት ለሦስት ወር መኪና አውሶን እንደነበር አባላት ታስታውሳላችሁ። ድርጅቱን አናማም፤ ያለውን ነው የሰጠን፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። መኪናዋ ግን ብዙ አስተማረችን፤ ያየነውን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ነገር ቁልፏ ነው። ቁልፍ ማለት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ የሚገባ የሚወጣ ብረት አልነበረም። በኪስ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ሾፌሩ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይቀርባል፣ በሩ ይከፈታል፣ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ሞተሩ ይነሣል። ደስ ይላል። አንድ ቅዳሜ ሾፌሩ ልጅ እግር ስለሆነና ቤተሰቡም እዚህ ስለሌለ፣ ከኛ መካከል ሁለት እናቶች አዝነውለት ጃኬቱን ወንዝ ወስደው አጠቡለት። አጠባችንን ታውቁታላችሁ። ድንጋይ ላይ አድርገን ነው የምንወቅጠው። ከኪሱ የወጣው ሦስት ስባሪ ሆኖ ነበር። ደባርቅ ውስጥ ያሉ ቁልፍ ቀራጮች አይተው «ይህ የሚቀረጽ አይደለም፣ በኮምፒውተር ከመኪናዋ ጋር የሚተዋወቅ ነው» አሉ። ጎንደር ተደወለ፣ አዲስ አበባ ተደወለ። ትርፍ ቁልፉ ተፈልጎ አልተገኘም። በመጨረሻ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ይዞ እስኪመጣ ድረስ መኪናዋ 17 ቀን ቆመች። በእነዚያ ቀናት ገብሳችን የወረደው በአህያ ነው።

ሁለተኛው ጩኸቷ ነው። ይህች መኪና ስለ ሁሉም ነገር ትጮኻለች። አህያ ሲያልፍ ትጮኻለች፣ በግ ሲያልፍ ትጮኻለች። በገበያ ቀን ከዳባት እስከ ደባርቅ ስትጮኽ ነው የምትመጣው። የመንገዱን ነጭ መስመር ለቀህ ወጣህ ብላም ትጮኻለች፤ መስመሩ ግን በብዙ ቦታ የለም። አንድ ኩንታል ገብስ ከኋላ አልበቃ ብሎ ከሾፌሩ ጎን ወንበር ላይ ስንጭነው «ተሳፋሪው ቀበቶ አላሰረም» ብላ መጮኽ ጀመረች። ለገብሱ ቀበቶ አሰርንለትና ዝም አለች። ይህን ስናወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። ነገር ግን ሾፌሩ በሁለተኛው ሳምንት ጩኸቱን መስማት አቁሞ ነበር። በስድስት ነገር የምትጮኽ መኪና በሰባተኛው እውነተኛ ነገር ብትጮኽ ማን ይሰማታል?

ሦስተኛው ይህን ንግግር ያመጣብን ነገር ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንዲት አባላችን ምጥ ያዛት። ሌሊት ነበር። አምቡላንሱ ሌላ እናት ለማምጣት ወደ ቆላ ወርዶ ስለነበር ሾፌራችንን ቀሰቀስነው፤ ወዲያው ተነሣ። ከገጠር ወደ ደባርቅ ሆስፒታል የሚመጣውን ጠጠር መንገድ ግማሹን እንዳለፍን የኋላው ጎማ በስለት ድንጋይ ተቀደደ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ፣ ምንጣፉን ገለጠ። ስኮርታ የለም። በስኮርታው ቦታ አንዲት ትንሽ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ተቀምጣለች። ፈሳሹ ወደ ጎማው ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የተሠራ ነው። ምስማር የወጋውን ቀዳዳ ይደፍን ይሆናል። የእኛ ጎማ የተቀደደው ግን ከጎኑ ነው፤ ጣት ያስገባል። ፈሳሹ በቀዳዳው ፈስሶ መሬት ላይ ቀረ።

በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጨለማ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። ወንበሯ ይሞቅ ነበር፣ እውነቱን እንናገር። እኅታችን የሞቀ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ያማጠችው። የመኪናዋ ትልቅ ስክሪን የውጪውን ቅዝቃዜና የጎማውን ንፋስ ማለቅ በቁጥር ይነግረናል፤ የኋላው ጎማ ምልክት በቀይ ይበራል። ጎማው መተንፈሱን የሚነግር መሣሪያ አላት፣ የምትቀይረው ጎማ የላትም። በስተመጨረሻ ድንች የጫነ አንድ አሮጌ አይሱዙ መጣ። ረዳቱ ወርዶ ቦታውን ለቀቀላት። ሕፃኑ የተወለደው አይሱዙው ደባርቅ ከተማ ሲገባ ነው። እናትየው ብዙ ደም ፈስሷት ሆስፒታል አራት ቀን ተኛች። ዛሬ እናትም ልጅም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ የሚያለቅሰውን ሕፃን የሰማችሁ እንደሆነ እሱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ኮሚቴው መኪና ማጥናት የጀመረው። ጋራዥ ሄደን ጠየቅን፣ ጎሚስታ ጠየቅን፣ የአይሱዙና የሚኒባስ ሾፌሮች ሻይ ጋብዘን ጠየቅን። ልጆቻችን ደግሞ ከስልካቸው እያነበቡ ሰው አገር ያለውን ነገሩን።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ የነገሩን ነገር ልባችን ውስጥ ቀርቷል። «ቃሉን አዳምጡ» አሉን። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ስኮርታ፣ ጎሚስታ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሊማሊሞን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የቆረጡት ጣሊያኖች ከመንገዱ ጋር ትተዋቸው ሄዱ። ያ ቃል ዛሬ በየጋራዡ የኛ ሆኗል፤ ልጅ ረዳት ሆኖ ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። «ስም ያለውን ነገር ደባርቅ ውስጥ እንሠራዋለን። ስሙን ከስክሪን ላይ ካልሆነ የማናውቀውን ነገር ግን ለመክፈትም እንፈራለን» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዝርዝር ላይ አንድ ነገር ስናይ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ደባርቅ ጋራዥ ውስጥ ስም አለው ወይ?

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳልሆነም ተረዳን። ስዊድን አገር «ቪ ቢሌጋሬ» የሚባል የመኪና መጽሔት አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ዘመናዊ መኪኖችን ወስዶ ፈተነ። ከእነሱ ጋር አንድ የ2005 ሞዴል አሮጌ ቮልቮ ጨመረ። ሾፌሩ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዳ አራት ቀላል ሥራዎችን ይሠራል፤ ማሞቂያውን ማስተካከል፣ ሬዲዮ መቀየር፣ እንዲህ ያሉትን። ሁሉም ነገር በሚጫን ቁልፍ በሚሠራው አሮጌ ቮልቮ ውስጥ ሥራው 10 ሰከንድ ፈጀ፤ መኪናው በዚያ ጊዜ 306 ሜትር ሄደ። ስክሪን ከያዙት አዳዲሶቹ መካከል የመጨረሻው 44.9 ሰከንድ ፈጀበት፤ 1,372 ሜትር ሄደ። እርግጥ በኛ መንገድ 110 የሚነዳ የለም፤ የሚነዳም ካለ አላህ ይገሥጸው። ነገር ግን ሊማሊሞ ላይ ሾፌር ዓይኑን ከመንገድ ነቅሎ ለ44 ሰከንድ ስክሪን ቢያይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሠሪዎቹም ቢሆኑ መመለስ ጀምረዋል። አውሮፓ ውስጥ የመኪናን ደኅንነት እየፈተነ ኮከብ የሚሰጠው «ዩሮ ኤንካፕ» የተባለው ተቋም ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ አምስት ኮከብ ለማግኘት ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የድንገተኛ ጥሪ በእጅ በሚዳሰስ ቁልፍ እንዲሠሩ ጠይቋል። ባለጸጎቹ አገሮች በስክሪን የደከሙበትን እኛ አሁን ገንዘብ ከፍለን ልንጀምረው ነው ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ ሰማን። ቢኤምደብሊው በ2022 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ አገሮች የወንበር ማሞቂያን በወር ኪራይ ሊሸጥ ሞክሮ ነበር። ማሞቂያው ወንበሩ ውስጥ አለ፣ መኪናውን የገዛኸው አንተ ነህ፤ ግን እንዲሞቅልህ በየወሩ ትከፍላለህ። ሰው ተቆጣ፣ ኩባንያውም በዓመቱ ተወው። ይህን ለእናቶች ስንተርክ አንዷ «ሞሰቡን ገዝቼ ለክዳኑ በወር ልክፈል?» አሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪኖች ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይስንና ሱር ታክስን አነሣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አሁን የሚታየው አዲስ መኪና በብዛት ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከተላኩልን ከሦስቱም ሁለቱ እንዲህ ያሉ ናቸው።

እኛ ከኤሌክትሪክ ጋር ጠብ የለንም። ነዳጅ ሲጠፋ በየማደያው ተሰልፈን እናውቃለን። መብራቱ የአገራችን ውሃ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ተንቀሳቃሽ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም። በዚህ ዓይን ካየነው ከነዳጁ መኪና ይልቅ ለበቅሎ ይቀርባል። መካኒኩም «ሞተሩ አያስፈራኝም፣ የሚያስፈራኝ ከሞተሩ ጋር የመጣው ኮተት ነው» ነው ያሉት። ልናይ የሄድንባት አንዷ መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራች ነበረች። ስክሪኗ ላይ ያለው ጽሕፈት ሁሉ ቻይንኛ ነው። ማሞቂያው፣ መብራቱ፣ የመስታወቱ ማስተካከያ፣ ሁሉም እዚያ ስክሪን ውስጥ ነው። ካርታዋም የቻይና ነው። ሻጩ «ሥዕሉን አይታችሁ ትለምዱታላችሁ» አለን። አማርኛ ማንበብ በጎልማሶች ትምህርት አምና የጀመርን እናቶች አለን። እነሱን ቻይንኛ አስጀምረን አናሳዝናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጸሐፊያችን እንዳስረዳችን በነዳጅ መኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ በዋጋው ልክ ነው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ። እንግዲህ የሚከፈት ጣራ ዋጋውን ከፍ ካደረገው፣ ቀረጡ በጣራውም ላይ ይቆጠራል፣ ኤክሳይሱ በጣራውም ላይ ይቆጠራል፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በጣራውም ላይ ይቆጠራል። ሰማይ በነጻ ለሚታይበት አገር ሦስት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የደጋፊዎቻችን ልግስናና የኛ የ20 ብር መዋጮ ነው። 20 ብሯን ለማምጣት እንቁላል ሸጣ የመጣች እናት እዚህ ተቀምጣለች።

አባላት ሆይ፣ ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ እንዲህ ስንል አሮጌ ነገር ወዳድ፣ አዲስ ነገር ጠል እንዳንመስላችሁ። ኮሚቴው ውስጥም ክርክር ነበር፤ ሳንደብቅ እንንገራችሁ።

የደኅንነት ቀበቶ አዲስ ነገር ነበር። ኒልስ ቦሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ሠራ፤ ኩባንያው ለብቻዬ ሳይል ሌሎችም እንዲሠሩበት ፈቀደ። ያ ቀበቶ አይቀር። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን የሚነፋው ኤርባግ አይቀር። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውም አይቀር፤ በክረምት ጭቃ ጥቅሙን አይተናል። እነዚህ ባሉበት መኪና ላይ ገንዘብ ቢጨምሩብን አንከራከርም።

ስለ ኋላ ካሜራ ግን ተከራከርን። ሁለታችን «ጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሾፌሩ ዞር ብሎ ይይ» አልን። ከመካከላችን ታናሿ ዝም ብላ ቆየችና «ልጆቻችን የሚጫወቱት የት ነው?» አለች። የሚጫወቱት ከቆመ መኪና ኋላ ነው። ከባለ ከፍታ መኪና ጀርባ የተቀመጠ የሦስት ዓመት ልጅ ሾፌሩ ቢዞርም አይታየውም። አሜሪካን አገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ የቤት መኪና ያለ ኋላ ካሜራ እንዳይሸጥ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን ልጆቻችን አነበቡልን። እኛ ታላላቆቹ ተሸነፍን። ካሜራው ይግባ፤ ጭቃውን ሾፌሩ ይጠርገው። ካሜራው ቢበላሽ ደግሞ መኪናዋ አትቆምም፤ ልክ እንደ ድሮው ረዳቱ ወርዶ «ና፣ ና» ይላል።

በዚህ ክርክር ነው መለኪያችንን ያገኘነው። ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ይህ ነገር ሰው ያድናል ወይስ ጭነት ያደርሳል? ሁለተኛ፣ ቢበላሽ መኪናዋ ትሄዳለች? ሦስተኛ፣ የሚሠራው ሰው ከጎንደር ወዲህ፣ ይኸውም በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይገኛል? ለሦስቱም «አዎ» የሚባልለት ይግባ። አንዱም የማይመለስለት ይቅር፤ በነጻ ቢሰጠንም ይቅር። በነጻ የተሰጠን ነገር በተበላሸ ቀን በነጻ አይጠገንምና።

በዚህ መለኪያ የምንፈልጋትን መኪና ጻፍን። ከመሬት ከፍ ያለች፤ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ማስገቢያው በእጅ የሚያዝ ማርሽ የሆነ። የሚገባ የሚወጣ ብረት ቁልፍ ያላት፣ ሁለት ቅጂ፤ አንዱ በሰብሳቢዋ እጅ የሚቀመጥ። የእጅ ፍሬኗ በእጅ የሚሳብ። ቃሬዛ ከነሰው ተዘርግቶ የሚገባባት። ላይዋ ላይ ፖርቶመጋላ ያላት። ማሞቂያ ያላት፤ ለደባርቅ ሌሊት ማሞቂያ ቅንጦት አይደለም። ሙሉ መጠን ስኮርታ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ከነክሪኩና ከነቁልፉ።

ሾፌሮቹ ዝርዝሩን ሲያዩ አንድ ላይ «ሃርድ ቶፕ ነው የምትሉት» አሉ። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ፣ የእርዳታ ድርጅቶቹ መኪና፣ ያ ረጅሙ ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ ያንን መኪና ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙም ሳይለውጠው ሲሠራው ኖሯል፤ ዛሬም ይሠራል። መለዋወጫው ጎንደር አለ፤ ደባርቅ ውስጥ ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥም አለ። ስለዚህ የኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ አገር ውስጥ ያለ፣ ያገለገለ፣ በሁለት መካኒኮች ተፈትሾ የተመሰከረለት ሃርድ ቶፕ እንዲገዛ ነው። ያገለገለ ሲባል ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነዳጅ እንደሚበላም እናውቃለን፤ ለዚህም ለሰው ጉዞና ለገበያ ጭነት የተለየ ቀን መድበን የምንሠራበትን መርሐ ግብር አዘጋጅተናል። ከዋጋው የሚተርፈው ገንዘብ ለመጠገኛ በባንክ ይቀመጥ። ከተረፈው ላይ ደግሞ ከሴት ልጆቻችን ሁለቱ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ፣ አንዷ ጋራዥ ገብታ ሙያ እንድትማር እንጠይቃለን። ያ ከማንኛውም ፉል ኦፕሽን ይበልጥብናል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል እንጨምር። የላካችሁልን ፎቶ የፍቅር ነው። ለራሳችሁ የምትመርጡትን ነው የመረጣችሁልን፤ ከዚህ በላይ ክብር የለም። እናንተ በምትኖሩበት ከተማ መኪና ሲቆም ስልክ ተደውሎ ሌላ ይመጣል። እኛ ጋ መኪና ሲቆም ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ያቺን ሌሊት ነግረናችኋል። ስለዚህ በቀጣይም ዕቃ ልትልኩልን ስታስቡ፣ መኪና ይሁን ወፍጮ ይሁን ኮምፒውተር፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉና «ሲበላሽ ማን ይሠራላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁን። መልስ ካጣን አትግዙት።

የኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ከአንድ ገጽ ዝርዝር ጋር በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ጎናቸው ያለችው ታንብብላቸው። ከምሳ በኋላ እጅ እናወጣለን። የሚቃወም ካለ ይቃወም፤ ካሜራውን ያስገባነው በተቃውሞ ነውና።

ያቺን ሌሊት መኪናውን ላቆመልን የአይሱዙ ሾፌርና ቦታውን ለለቀቀው ረዳት በማኅበሩ ስም አንድ ባና ሠርተናል። ሾፌሩ ዛሬ ወደ አዲአርቃይ ጭኖ ስለወረደ አልተገኘም፤ ሲመለስ እናደርስለታለን።